ብሶት እስከ አቦል፣ ከቶና ጀምሮ ጨዋታ

አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለቱ አብሮ አደጎቼ ናቸው፣ አንዷ ፒያሳ አጠገቤ ልብስ ትሰፋለች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እንጠጣለን። አንድ ሰሞን ግን ወሬያችን ሁሉ የጤፍ ዋጋ፣ የቤት ኪራይና የጉልበት ሕመም ሆነና ከመጣነው ብሶ ደክሞን መበተን ጀመርን።

መላውን ያገኘነው ከቡናው ነው። እስከ አቦል ብሶት ይፈቀዳል፤ ቶና ሲቀዳ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የዘይት ዋጋ ያነሳች ስኒ ታጥባለች። ብሶቱን ጭራሽ አትከልክሉ ታዲያ፤ ሆዱን ብሶት የሞላው ሰው ቀልድ አይገባለትም።

በእንካ ሰላንቲያ ጀምሩ፤ አፍ ይፈታል።

«እንኪ ሰላንቲያ!»
«በምንቲያ?»
«በጀበና!»
«ምን አለሽ በጀበና?»
«ባቄላ ቆላሽልን ቡና መሰለሽና!»

ቤት ካልመታ የባሰ ያስቃል። እንቆቅልሽም አለ፦ «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት»። ጤዛ መሆኗ ከጠፋችሁ አገር ስጡ ትባላላችሁ። እኛ ዘንድ ጎንደርን መስጠት ክልክል ነው፤ በአዘዞ መደራደር ግን ይቻላል።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናታቸው፣ አብረው የሳቁ ሰዎች ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ ብሎ አግኝተውታል። የኔ ጉልበት ጥናቱን አላነበበም፤ እሁድ ማታ ግን የሰፈሬን ዳገት ሳልቆም እወጣዋለሁ።

ከባዱ ነገር ልኩን ማወቅ ነው። ባለፈው ክረምት አንዷን «ምነው ከሳሽ፣ ሰርግ ልትደግሺ ነው?» አልኳት። ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁለት እሁድ ቀረች። ለካ ታማ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ኖሯል! ድፎ ዳቦ ጋግሬ ቤቷ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። ሳቅ ያታልላል፤ አጸፋውን ጠብቁ። የተቀለደባት መልሳ ከወረወረች ጨዋታው ደርቷል፤ ስቃ ዝም ካለች ወሬ ለውጡ፣ ኋላም ለብቻዋ ጠይቋት። ገላን፣ ልጅን፣ ትዳርንና ገንዘብን አትንኩ። መጀመሪያ በራሳችሁ ቀልዱ፤ የኔን ጠማማ ስፌት የፈለገች ትሳቅበት።

በሦስተኛው እሁድ መጣች። ገና አቦል ሳይቀዳ፦

«እንኪ ሰላንቲያ!»
«በምንቲያ?»
«በዳቦ!»
«ምን አለሽ በዳቦ?»
«ሥሩ ከሰል ሆኖ ፊቱ ተለብልቦ!»

እውነቷን ነው፤ አርሮ ነበር።