ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ሲወርድ፦ ከልጆች ጋር የጨዋታ ምስሎችን ስንቀባ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኑ ወለል ላይ አሮጌ ጋዜጣ ይነጠፍና ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው አራት አምስት ልጆች ይከቡታል፤ ሁለቱ የኔ፣ ቀሪዎቹ የጎረቤት። የምንቀባው የጠረጴዛ ጨዋታ ምስሎችን ነው፤ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ወታደሮች፣ ፈረሰኞች፣ ጭራቆች። ጠንካራዎቹን ግራጫ ምስሎች የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በሳጥን ይዞልን ይመጣል። የጎደለውን ከሰኞ ገበያ፣ በላስቲክ ከረጢት ከሚሸጡት ወታደሮችና እንስሳት እንሞላለን። ብሩሽ አያያዝና ልብስ እንዳይበላሽ ምን እንደሚለበስ እዚህ አልጽፍም፤ ያን ሁሉም ያውቀዋል። የምጽፈው ደጋግሞ ያስለቀሰንን ነው።

«ጋሼ፣ ወታደሬ ቆዳው ተገፈፈ!»

ዋናው ይሄ ነው። ሌላው ችግር ሁሉ ቢደመር የዚህን ግማሽ አያህልም። ቀለሙ ሲቀባ ያምራል፣ ሲደርቅም ያምራል። ልጁ ሁለት ቀን ሲጫወትበት ግን ከጠመንጃው ጫፍ ይሰነጠቅና እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተያይዞ ይወርዳል። ሰው ወዲያው ቀለሙን ይሰድባል። ቀለሙ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ ከሥሩ ነው፣ ያውም ሦስት ዓይነት።

አንደኛው ፋብሪካው የተወው ቅባት ነው። ፕላስቲኩ ሳይጣበቅ እንዲወጣ የቅርጽ ማውጫው በቅባት ነገር ይታበሳል፤ የዚያ ርዝራዥ ምስሉ ላይ ይቀራል። በዓይን አይታይም።

ሁለተኛው የኛው እጅ ነው። ቦምቦሊኖ የበላ ልጅ እጁን በሱሪው ጠርጎ «ታጥቤያለሁ» ይላል። አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ እናቷ ጠዋት ፀጉሯን ቅቤ ቀብታት መጣች፤ ስታስብ ደግሞ ፀጉሯን የመነካካት ልማድ አላት። ፈረሷን መቀባት ስትጀምር ቀለሙ ፈረሱ ጀርባ ላይ፣ ልክ ጎመን ቅጠል ላይ እንደወደቀ ውሃ፣ ድብልብል እየሆነ ሸሸ። «አልወደደኝም» አለችኝ። ቀለም እንዲህ ሲሸሽ ካያችሁ እዚያው አቁሙ። ደጋግሞ መቀባት አያድነውም፤ ይታጠብ።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ፕላስቲኩ ራሱ ነው። በሳጥን የሚመጡት ግራጫ ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ናቸው፤ ደረቅ፣ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ የሚሰበር። በከረጢት የሚሸጡት አረንጓዴ ወታደሮች ግን በብዛት ፖሊኤትሊን ናቸው፤ የጀሪካን ፕላስቲክ ማለት ነው። ቀለም የተደፋበት ጀሪካን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲደርቅ በጥፍር ይነሳል። ወታደሩም እንደዚያው ነው። ሻጩን ብትጠይቁት «ሁሉም ቀለም ይይዘዋል» ይላችኋል። እሱ ቀብቶ አያውቅም።

መለያው ቀላል ነው። ሳፋ ውሃ ሙሉና ምስሎቹን ጣሏቸው። ፖሊኤትሊን ከውሃ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል። ፖሊስታይሪን በጥቂቱ፣ ለስላሳው ፒቪሲ ደግሞ በደንብ ከውሃ ስለሚከብዱ ይሰምጣሉ። የአየር አረፋ ተለጥፎበት እንዳያታልላችሁ ውሃው ላይ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ምስሉንም በጣት ወደ ታች ገፍታችሁ ልቀቁት። ሆዱ ክፍት የሆነ እንስሳ አየር ይዞ ይንሳፈፋል፤ አገላብጣችሁ አየሩን አስወጡለት። የኛ ልጆች ይህን ከመቀባቱ አብልጠው ይወዱታል። «ዋናተኛ» እና «ሰማጭ» ብለው በሁለት ሰሃን ይለያሉ፤ ከዚህ በኋላ እኔም በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ።

መፍትሄው፦ ሁሉም ይታጠባል። «አዲስ ነው እኮ» የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያውም አዲሱ ነው ቅባታሙ። ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ቀጫጭኑ ጎራዴና ጦር ይጣመማል። በንጹህ ውሃ ለቅልቃችሁ አሳድሩት፤ ክረምት ላይ ደሴ ከሆናችሁ ሁለት ሌሊት ይደር። ከታጠበ በኋላ ማንም በጣቱ አይነካውም። እግሩን በአንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ የሃይላንድ ክዳን ላይ አቁሙትና ልጁ ክዳኑን ይዞ ይቀባ። ጠብታዋን የምታደርጉት እናንተ ናችሁ፤ ልጅ ሱፐር ግሉ አይነካም፣ አይነካም። ክዳኑ ራሱ የዋናተኛ ዘር ስለሆነ ሲያልቅ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይለቃል።

ለሰማጭ ከዚህ በኋላ አንድ ስስ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ ይበቃዋል። ለዋናተኛ ግን ሌላ መላ አለ፤ አናጢ የሚጠቀምበት ነጭ ኮላ። ሁለት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥኑና ምስሉን ሙሉውን፣ ከእግር እስከ ራስ፣ ቀቡት። ሲደርቅ እንደ ካልሲ ዙሪያውን የሚይዝ ግልጽ ሽፋን ይሆናል። ፕላስቲኩ ላይ አልተጣበቀም፤ አቅፎት ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከታች በኩል ክፍተት ከተዋችሁ ካልሲው ከዚያ ይወልቃል። በላዩ ላይ በውሃ የሚቀጥነው አክሬሊክ ቀለም፣ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ስስ ኮላ ወይም የአክሬሊክ ቫርኒሽ። ይህም ሆኖ ልጁ ጠመንጃውን እያጠፈ ከተጫወተ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ እወቁት።

የእህቴ ባል፣ ኮምቦልቻ ያለው፣ ይህን ስነግረው «ኮላ የሴት ሥራ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ» አለኝ። ፋቀው። ፖሊኤትሊን ሲፋቅ አይለሰልስም፤ ፀጉር ያበቅላል። አሥራ ሁለት ወታደሮች ጢማቸው እስከ ጉልበታቸው ሆነው ወጡ። ልጁ ደስ ብሎት «አባዬ፣ ዝንጀሮዎች!» አለ።

የባሰው ግን በኔው ቤት ነው የደረሰው። ትልቁ ልጄ የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ ከጎበኘ በኋላ የንጉሥ ሚካኤልን ፈረሰኞች ካልቀባሁ አለ። ከከረጢቱ ፈረሰኞች አንዱን መረጠ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀበት፤ ፈረሱን ዳማ፣ ጋሻውን ጥቁር፣ ራሱ ላይ ያለውን ጎፈር ከቡናማ ወደ ቢጫ እያፈካ። እኔ ደግሞ ገና ስለ ዋናተኛና ሰማጭ አላውቅም ነበር፤ አጥቤው ስለነበር በቂ መስሎኝ። አያቱን ሊያሳይ ኪሱ ከትቶት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ እጁን ኪሱ ከተተና ዝም አለ። አያቱ ቤት ስንደርስ አረንጓዴ ፈረሰኛና እፍኝ የማይሞላ ቡናማ ቅርፊት አወጣ። ሳንቲሞቹ ናቸው የላጡት። አያቱ ቅርፊቱን በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችለት፤ እስካሁን አለ። ከዚያ ወዲህ ሳፋው ሳይመጣ ቀለም አይከፈትም።

«እጄ ሰማያዊ ሆነ»

የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም ነው የተጠቀማችሁት። ላብ በነካው ቁጥር መልሶ ይሟሟል። አክሬሊክ ግዙ። የተቀባውን ማዳን ካስፈለገ ቫርኒሹ የሚረጭ ይሁን፤ በብሩሽ ከሆነ ሁሉንም ያቦካዋል።

«ፊት የለውም»

ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ጣቶቹ በቀለም ተቀብረዋል። ልጅ ቀለም እንደ ሽሮ ነው የሚያነሳው። ቀለሙ እንደ ወተት መሆን አለበት፤ አንድ ወፍራም ሳይሆን ሁለት ስስ፣ በመሃል ግማሽ ሰዓት። የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ለማብቃቃት የምትሉ ተዉት፤ ግድግዳ ጣት የለውም።

ትንሽ ልጅ ስስ ቀለም መጠበቅ ካቃተው ደረቅ ብሩሽ ስጡት። ብሩሹን ቀለም ነክሮ ጨርቅ ላይ ምንም እስከማይቀር ይጥረግና ምስሉን ከላይ ከላይ ይጥረገው። ከፍ ያለው ሁሉ በራሱ ይፈካል፤ ጎፈር፣ ጋማ፣ ላባ። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ከኔ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አይጠበብም። ከዚያ ጥቁር አክሬሊክ በጣም ቀጥኖ ጠብታ ሳሙና ገብቶበት ላዩ ላይ ይፍሰስ፤ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና የጠፋው ፊት ተመልሶ ይመጣል።

የተቀበረው ምስል ሰማጩ፣ ጠንካራው ከሆነ ደግሞ ደቶል ውስጥ ሌሊቱን ማሳደርና በጥርስ ብሩሽ መፈተግ አክሬሊኩን ያነሳዋል። ጓንት አድርጉ፣ ልጅ አይጠጋ። አንድ ነገር፦ ቀለሙ ተፈትጎ ሳያልቅ ውሃ አታስነኩት፤ ውሃ ሲያገኝ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይሆናል። መጀመሪያ በዚያው ደቶል ተፈትጎ በጨርቅ ተጠርጎ ነው ወደ ሳሙና የሚኬደው።

«አሸዋ ለበሰ»

ይሄ የሚረጭ ፕራይመር ችግር ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ገደማ ተራርቀው በተቃራኒ ምክንያት አንድ ዓይነት አሸዋ ያመርታሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ ባለበት ጠዋት ከረጫችሁ እርጥበቱ ከቀለሙ ጋር ያርፍና ሻካራና ነጣ ያለ ይሆናል። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩና ነፋሱ ጠብታውን አየር ላይ እያለ ያደርቁታል፤ ምስሉ ላይ የሚደርሰው ዱቄት ነው። ደሴ ላይ ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ፣ ረፋድ ላይ እርጩ። ኮምቦልቻ ላይ በማለዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ ጠጋ ብላችሁ፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር፣ ከዚያ አትራቁ።

ጣሳው በብርድ ደክሞ የሚተፋ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁሙት። ለብ ያለ ነው ያልኩት። ከሰል ምድጃ አጠገብ «እንዲሞቅ» ጣሳ ያስቀመጠ ሰው አይቻለሁ፤ ቡናው እየፈላ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው! ጣሳው ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ እንደሌለበት ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ይፈነዳል። የሚረጨው ውጭ ነው፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ነው፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ሆነው ነው። «ልርጭ» ብለው ያለቅሳሉ። ያልቅሱ።

«ሳምንት ሆነው፣ አሁንም ይጣበቃል»

ለስላሳ የፒቪሲ እንስሳ ላይ ሲንተቲክ ቀለም ወይም የመኪና እስፕሬይ ተቀብቷል። ፒቪሲውን የሚያለሰልሰው ቅባት ከቀለሙ ጋር እየተቀላቀለ አያደርቀውም። መጠበቅ ዋጋ የለውም። በውሃ የሚቀጥን አክሬሊክ ተጠቀሙ።

ሲንተቲክን ለማንሳት ቲነር ያመጣችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ቲነር ፖሊስታይሪንን ያቀልጠዋል፤ የአጎቴ ልጅ ያመጣው አንድ ባላባት ፊቱ እንደ ሻማ ወርዶ ደረቱ ላይ አርፏል። ሽታውም ለልጅ አይሆንም።

ደግሞ እርሳስ አለ። ልጆቹ የሚጽፉበትን አይደለም የምለው፤ ብረቱን ነው። በኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዘው ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተገዛ፣ መጋዘን ጥግ የዛገ የሲንተቲክ ቆርቆሮ ካላችሁ ለልጅ ሥራ አታውጡት። ከብረት የተቀለጡ የድሮ የጨዋታ ምስሎችም እርሳስ ነበራቸው፤ ከብዶ ወረቀት ላይ ሲጎተት ግራጫ መስመር የሚተው ከሆነ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ብሩሽ በምላስ ማሾልም ክልክል ነው፤ በምንም ቀለም።

ብሩሹ እንደ መጥረጊያ ተበተነ

ውሃ ብርጭቆ ውስጥ በራሱ ቆሞ አድሯል። ማን እንደሆነ አልጠይቅም። በሳሙና ታጥቦ በጣት ይሹል፤ ናይለን ከሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ተነክሮ ይቃናል። ቀለም ከፀጉሩ ግማሽ በላይ አይውጣ፤ ብረቱ አንገት ውስጥ ከደረቀ አለቀለት።

«ይሄ የኔ አይደለም»

ትንሿ ልጄ አንበሳዋን ወይን ጠጅ ቀባችው፣ አንድ ጆሮውን ረስታ። ሌሊት፣ ተኝታ ሳለ፣ ጆሮውን ብቻ ልጨርስላት ብዬ ብሩሽ አነሳሁ። ጆሮው ላይ ሳበቃ ጋማው ጎደለ መሰለኝ፤ ከጋማው በኋላ ዓይኑ። ጠዋት አንስታ አገላበጠችው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችውና «ይሄ የኔ አይደለም፤ የኔ የት ሄደ?» አለች። ሦስት ቅዳሜ ብሩሽ አልያዘችም። ደቶሉ የዚያን ጊዜ ነው የተለመደው፤ አንበሳው ዋናተኛ ስላልነበር ዳነ። ራቁቱን መልሼ ሰጠኋት፤ እንደገና ወይን ጠጅ ቀባችው፤ ያን ጆሮ እያየችኝ ተወችው።

ቀሪዎቹ በአጭሩ፦ ቀለሙ ሁሉ ቡናማ እየሆነ ከመጣ የማጠቢያው ውሃ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ ሁለት አድርጉ፣ ለወርቅማና ለብርማ ደግሞ ሦስተኛ። ሱፐር ግሉ ዙሪያውን ነጭ ካለበሰው በዝቷል፤ ቀቡበት፣ ይጠፋል። የልጅ ጣት ከተጣበቀ አትጎትቱ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክራችሁ ቀስ እያላችሁ አሹት።