«በቃኝ» ካልክ ያምኑሃል፦ ለኤክስቼንጅ ለምትሄድ የሰሜን ሸዋ ልጅ

አሜሪካ የደረስኩ ቀን ማታ ተርቤ ነው የተኛሁት። ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ዶሮ አለ፣ ድንች አለ፣ ዳቦ አለ። የቤቱ እመቤት «ልጨምርልህ?» አለችኝ። እኔም እንደ ደንቡ «ኧረ በቃኝ» አልኩና «በሞቴ» እስክትለኝ መጠበቅ ጀመርኩ። ሳህኑን አነሳች፣ ክዳን ገጠመችለት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። በቃ።

ደብረ ብርሃን ያደገ ልጅ ያውቀዋል፤ እኛ ጋ የመጀመሪያው «በቃኝ» ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ማስለመን ነው፣ ሦስተኛው ላይ ደርሰህ ነው ቁርጡ የሚታወቀው። እዚያ የመጀመሪያው ላይ ያምኑሃል። ያመኑህ ስላከበሩህ ነው፤ አንተ ግን ንፉግ ናቸው ብለህ አዝነህ ትተኛለህ።

በኤክስቼንጅ፣ ማለትም ተማሪ ውጭ አገር ሰው ቤት እየኖረ በሚማርበት ፕሮግራም፣ ሚኒሶታ የምትባል አሜሪካ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች ግዛት፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር አንድ የትምህርት ዓመት ኖሬ መጥቻለሁ። ይሄን የምጽፈው ተራው ለደረሰው ልጅ ነው። በ«አንተ» ነው የጻፍኩት፣ ሴት ከሆንሽ እየቀየርሽ አንብቢው፤ እንዲያውም አንዳንዱ ላንቺ ይብሳል።

ቀኑን አስተካክለህ ሂድ

ትምህርት ቤቱ የክትባት ማስረጃ ይጠይቅሃል። የኛ ካርድ የሚጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው። ፓስፖርትህ በ2009 ተወለደ እያለ ካርድህ በ2001 ተከተበ ካለ፣ ነርሷ ሳትወለድ የተከተብክ ነው የሚመስላት። እኔን ቁጭ አድርጋ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ስለዚህ እዚሁ እያለህ አስተርጉመህ፣ ማኅተም አስመትተህ ያዝ።

ስትቀይር ደግሞ ዝም ብለህ 8 አትደምር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7 ነው የሚደመረው፣ ከዚያ በኋላ 8። ታኅሣሥ 5 ቀን 2001 የተወለደ ልጅ በነሱ ዲሴምበር 14 ቀን 2008 ነው። ጥር 5 ቀን 2001 የተወለደው ጃንዋሪ 13 ቀን 2009 ነው። የአንድ ወር ልዩነት ዓመቱን ይቀይረዋል። ፓስፖርትህ፣ የልደት ካርድህና የትምህርት ማስረጃህ ላይ ያለው ቀን አንድ ይሁን፤ የስምህ የእንግሊዝኛ ፊደልም እንዲሁ።

ለዚህ ፕሮግራም የአሜሪካ ቪዛ ጄ-1 ይባላል፤ ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት ተኩል ነው። የቀን ስሕተት እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያስቀረው።

ሻንጣህ ውስጥ ቋንጣ አትክተት። እናትህ ታለቅሳለች፣ ቢሆንም አትክተት፤ ሥጋ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል። በርበሬ ከያዝክ ፎርሙ ላይ ምግብ ይዣለሁ ብለህ ጻፍ። ደብቀህ ስትያዝ ነው ጣጣው። ጥሬ ቡናና ትንሽ ጀበና ያዝ። ብርድ ልብስ ግን አያስፈልግም። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የትም አገር ቢያኮራም ኪሎህን ይጨርሰዋል።

ስለ ብርድ የፎከርኩት

«እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ብርድ አትንገሩኝ» ብዬ ነበር። አፌን በቆረጠው! የኛ ብርድ ውርጭ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ይጋረፍና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ታባርረዋለች፤ ግድግዳ ተደግፈህ ትሞቃለህ። ሚኒሶታ ፀሐይዋ ቦግ ብላ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ይሆናል። ፀሐይዋ ለጌጥ ነው የወጣችው። ፀጉሬን ታጥቤ ሳላደርቅ ወጥቼ አውቶቡስ እስኪመጣ እንደ ጭራሮ ደርቆ ጠበቀኝ።

ካፖርት እዚህ አትግዛ፣ ለዚያ ብርድ የተሠራ አይደለም። እዚያ ስትደርስ ጠይቅ፤ ብዙ ቤት የትልቁ ልጅ አሮጌ ካፖርት ተሰቅሎ አለ፣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥ ሱቅም ሞልቷል። እኔ እስከ ኖቬምበር ሳልጠይቅ በሹራብ ቆየሁ። የቤቱ አባት «አይበርድህም?» ሲለኝ «ምንም አይል» እላለሁ። አመነኛ! ልክ እንደ ዶሮው።

ቤት ውስጥ

በአሜሪካ ሕግ አስተናጋጅ ቤተሰብ ለዚህ ሥራ አይከፈለውም። ወደው ነው የተቀበሉህ። ይሄንን ማወቅ ሁለት ነገር ያስተምርሃል፦ አንደኛ፣ ሊጠቀሙብህ ነው ብለህ አትጠርጥር። ሁለተኛ፣ እንግዳ አይደለህም፤ እንግዳ አንድ ዓመት አይቀመጥም። ሳህን ታጥባለህ፣ ልብስህን በማሽን ታጥባለህ፣ ክረምት በሩ ላይ የተከመረውን በረዶ በአካፋ ትጠርጋለህ። እኔ ቤታችን ሰሃን ነክቼ አላውቅም፣ እህቶች አሉኝ። እዚያ የሽንት ቤት ማጽዳት ተራ ደረሰኝ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ «ለእህቶችህ ንገራቸው» ብላ ስልኩን አቀበለቻቸው። ምን እንዳሉኝ አልጽፍም።

ሻወር ስትገባ መጋረጃውን ወደ ገንዳው ውስጥ አስገባ። ወለሉ እንደኛ ቤት ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ የለውም። መጋረጃውን ውጪ ትቼ ታጥቤ የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ ውኃ አንጠባጥቤያለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው። ስንት ሰዓት ነው የምተኛው? ስልክ ማታ ይፈቀዳል? ፍሪጅ ውስጥ ካለው የትኛውን ሳልጠይቅ ልብላ? ጓደኛ ቤት ስሄድ ለማን ልንገር? እኛ ጋ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። እዚያ ግን ሳይጠይቅ የሚሳሳተው ነው የሚያስቸግራቸው። «እንደ ቤትህ ቁጠረው» ካሉህ ፍሪጁን ክፈት ማለታቸው ነው፤ እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግርህም። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን አይደል? አስተናጋጅ እናቴ ስታወራኝ እኔ ሳብ፣ ሳብ። በሦስተኛው ቀን አስም አለብህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መድኃኒቴን ረስቼ የመጣሁ መስሏት ተጨንቃ ከርማለች። ዓይንም እንዲሁ ነው። ታላቅ ሰው ሲያናግርህ አንገት መድፋት እኛ ጋ አስተዳደግ ነው፣ እዚያ የሆነ ነገር የደበቅህ ያስመስልሃል። ቀና በል።

የቤቱ አባትና እናት በስማችን ጥራን ይሉሃል። የአባቴን እኩያ በስሙ መጥራት አቃተኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ይቅርታ» እያልኩ ነው ያናገርኩት። በመጨረሻ «ጋሼ» ልበልህ ብዬ ትርጉሙን ነገርኩት። ደስ አለው፤ ልጆቹም ጋሼ ይሉት ጀመር።

ሰዓት

እዚያ የምትከታተለኝ የፕሮግራሙ አስተባባሪ «በ3 ሰዓት እመጣለሁ» ስትል በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፣ ጭንቅላቴ ግን በአማርኛ ሰማ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጫማዬን አስሬ በር ላይ ቆምኩ፤ እሷ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መጣች። የስልክህን ሰዓት በነሱ ሞልተህ እሱን ብቻ እመን፣ በሆድህ አትቀይር።

ሚኒሶታ በክረምታቸው ከኛ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ማርች ላይ ሰዓታቸውን ይቀይሩና 8 ይሆናል፣ ኖቬምበር ላይ መልሰው 9 ያደርጉታል። በክረምት እኔ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስደውል እናቴ ጋ ንጋት 12 ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይ በመንገድ ላይ አገኛታለሁ። መጀመሪያ በየቀኑ ደወልኩ። አትድፈር። የደወልኩ ቀን ሁሉ ማታ ሆዴ ይባባል፣ ጠዋት ከማንም ጋር ማውራት ያስጠላኛል። እሑድ እሑድ ብቻ ሲሆን ለሁለታችንም ተሻለ፣ የምናወራውም ተጠራቀመ።

ትምህርት ቤትና ጓደኛ

ትምህርቱ አያስፈራህም፣ በተለይ ሒሳቡ። የሚያስቸግርህ ምሳ ሰዓት ነው፤ ሳህን ይዘህ የት እንደምትቀመጥ አለማወቅ። ኮሪደር ላይ «እንዴት ነህ» ይሉሃል፣ መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እኔ ቆሜ ስለ ቤተሰቤ ጤና ማብራራት ስጀምር ልጁ ክፍል ገብቷል። ሰላምታ ነው፣ «ደህና» ብለህ እለፍ።

ጓደኛ የሚገኘው ቡድን ውስጥ ነው። በመኸራቸው የአገር አቋራጭ ሩጫ አለ፣ 5 ኪሎ ሜትር። የእኛ ትምህርት ቤት የመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ የአሠልጣኙ ዓይን በራ። እኔም ሯጯ ጌጤ ዋሚ የጫጫ ልጅ እንደሆነች፣ ጫጫ ማለት ለኛ እዚሁ ታች እንደሆነ ነገርኩት። ይሄን ባልነግረው ይሻል ነበር። በመጀመሪያው ውድድር ከኋላ አራተኛ ወጣሁ። ግን አብረን ሳር ላይ ተዘርረን ስንተነፍስ ነው ጓደኛ ያገኘሁት፣ ምሳ ላይም የት እንደምቀመጥ የታወቀው።

ጾም

የምትጾም ከሆነ ገና ሳትሄድ በኢሜይል ጻፍላቸው፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የማልበላባቸው ቀኖች እነዚህ ናቸው ብለህ ካላንደር ላክ። እኔ አስቸግራለሁ ብዬ ሳልናገር ሄድኩ። ዲሴምበር 25 የነሱ ገና ነው፣ የኛ ጾመ ነቢያት ገና አላለቀም። አያቶች መጥተው፣ ጠረጴዛው በሥጋና በአይብ ተሞልቶ፣ እኔ ድንች ብቻ ስበላ አያትየው ታመመ ወይ ብለው ጠየቁ። ቀድሜ ብናገር ኖሮ አንድ ድስት ባቄላ ይሠሩልኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዓቢይ ጾም ሠርተውልኛል። የለውዝ ቅቤ ቅቤ ይባላል እንጂ ጾም ነው፣ ሕይወቴን አትርፏል።

በኛ ገና ጃንዋሪ 7 ቡና ላፈላላቸው ተነሳሁ። ስቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ቤቱን በጩኸት አናጋው፣ ውሻው ሶፋ ሥር ገባ። ቡና ስትቆላ ውጪ ወይ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍተህ ቁላ።

ይሉኝታ የማያዋጣበት ቦታ

መኪና መንዳት ብዙ ፕሮግራም ይከለክላል። መጠጥ ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው፤ «አንድ ብቻ» ብለህ ወደ አገርህ ትመለሳለህ። መደበኛ ሥራ መቀጠር አይፈቀድም፣ አልፎ አልፎ ሕፃን መጠበቅ ወይ የጎረቤት ግቢ መጥረግ ግን ይቻላል።

አስተባባሪህ በየወሩ ሊያነጋግርህ ግዴታ አለበት። ሲጠይቅህ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ አትዝጋው። ቤቱ ካልተስማማህ ንገረው፣ ቤተሰብ መቀየር ይቻላል። ከኛ ዙር አንዲት ልጅ አምስት ወር አልቅሳ ኖራ በመጨረሻ ስትናገር በሁለት ሳምንት ቀየሩላት። ሰው ከነካህ፣ ወይ ሌላ የሚያስፈራ ነገር ካለ፣ የዚያኑ ቀን ደውል፤ ለአስቸኳይ 911። ቤተሰቡ ይቀየመኛል፣ እናቴ ትሰማለች እያልክ አትቆይ።

ስትመለስ

ይሄንን ማንም አላዘጋጀኝም። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ቤት ለቡና ተጠራሁ። ዳቦ ቆርሰው «ልጨምርልህ?» አሉኝ። «አዎ፣ ይጨምሩልኝ» አልኩ። ቢላው እጃቸው ላይ ቆመ። ገና «በሞቴ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። እናቴ በጉልበቷ ጎሸም አደረገችኝ፤ እኔ ግን ርቦኝ ነበር፣ ዳቦውም ትኩስ ነው።