ጥፋቱ የጠመንጃው አልነበረም

ለሳምንታት ጥፋቱን በጠመንጃው ሳላክክ ከረምኩ። ባለ .22 ሎንግ ራይፍል ነው፤ መምቻው የቀለሁን ጠርዝ የሚመታው ዓይነት፣ ሪምፋየር የሚሉት። የገዛሁት በ25 እና በ50 ሜትር ወረቀት ላይ ለማነጣጠር ብቻ ነው። ግን አንዱ ጥይት ግራ፣ አንዱ ቀኝ። የጥይቱን ዓይነት ቀየርኩ፣ ጠመንጃው ላይ የተገጠመውን የማነጣጠሪያ መነጽር ብሎኖች አጠበቅኩ። ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ባዶ መሆኑን አረጋግጬ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አጋደምኩት። እጄን አንስቼ፣ በመነጽሩ እያየሁ ጭንቅላቴን ብቻ ወደ ላይ ወደ ታች አልኩ። ጠመንጃው ንቅንቅ ሳይል በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ዒላማው ላይ ይንሸራተታል! ለካ ፓራላክስ የሚሉት ይሄ ነው።

መነጽሩ ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት መስቀሉ እንዳይንሸራተት ለ100 ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሜትር ገደማ ተስተካክለው ነው። የሪምፋየሮቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ50 ያርድ። ጉንጬ ሰደፉ ላይ ትንሽ በተዛነፈ ቁጥር ዓይኔ ከመሃል ይወጣል፤ ጥይቱም አብሮ ይስታል።

ማጉያው ደግሞ እስከ 24 እጥፍ ነበር። ለእኔ ርቀት ጉራ ብቻ። አሁን ከ4 እስከ 12 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊቱን ቀለበት አዙረው ለርቀቱ የሚያስተካክሉት ገጠምኩ። እስከ 25 ሜትር የማይወርዱም ስላሉ ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቤ ነው የገዛሁት። ይዞ ለመዞር ቢሆን ኖሮ ቀለል ያለ፣ ባለ 4 እጥፍ በበቃኝ።

በ25 ሜትር 5 ተኮስኩ። ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቴ ሸፈንኳቸው።