ናራን በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ናራ ከኪዮቶም ከኦሳካም በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ አብዛኛው ጎብኚ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላል፣ አጋዘን ያበላል፣ ትልቁን ቡድሃ ያያል፣ ይመለሳል። እኔ በዚህ በጣም እቆጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ710 የጃፓን ዋና ከተማ የሆነችው ናራ ሙሉ ቀን ይገባታል፣ ምርጡ ክፍሏም ያለው ሰው ከሚመለስበት ቦታ ጀርባ ነው።

መጀመሪያ ባቡሩ። ጄአር እና ኪንቴትሱ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች አሉ። ኪንቴትሱን ያዙ። ጣቢያው ከፓርኩ የአምስት ደቂቃ እርምጃ ነው፣ ከጄአር ጣቢያ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ትሄዳላችሁ። የጄአር ፓስ (በጄአር ባቡሮች ደጋግሞ የሚያሳፍር የቱሪስት ቲኬት) ካላችሁ በጄአር ሂዱ፣ ፓሱ ኪንቴትሱ ላይ አይሠራም። ልዩ ፈጣኑ ባቡር ተጨማሪ ቲኬት ያስከፍላል፤ ካልቸኮላችሁ ተራው ኤክስፕረስ ይበቃል። ሻንጣ ካለ ጣቢያው ሎከር ውስጥ ተዉት።

በጠዋት ድረሱ። የቡድሃው ቤተ መቅደስ ቶዳይጂ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር የሚከፈተው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡30 ነው (ስልካችሁ 7፡30 ይላል)፣ በቀሩት ወራት ደግሞ 2 ሰዓት። የቱሪስት አውቶቡሶቹ ሳይመጡ ግቡ።

አሁን ወደ አጋዘኖቹ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰውም እንስሳውም የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ፓርኩ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ አጋዘኖች እንደ ልባቸው ይዞራሉ። የካሱጋ (ኋላ የምንደርስበት መቅደስ) አምላክ በነጭ አጋዘን ተቀምጦ መጣ ስለሚባል ከጥንት ጀምሮ ይከበራሉ፣ ከ1957 ወዲህ ደግሞ በብሔራዊ የተፈጥሮ ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሰው ለመዱ እንጂ የዱር እንስሳት ናቸው። የሚሰጣቸው ሺካ ሴንቤይ የሚባል ከሩዝ ፉርሽካና ከዱቄት የተሠራ ስስ ብስኩት ብቻ ነው፣ መንገድ ዳር ይሸጣል። ዳቦ፣ ቺፕስ፣ ከቦርሳችሁ የተረፈ ምናምን አትስጡ።

ብስኩቱን ገዝታችሁ እዚያው ሻጩ አጠገብ አትክፈቱት። እዚያ የሚቆሙት አጋዘኖች ገና ገንዘብ ስታወጡ ነው የሚከቧችሁ። ቦርሳ ውስጥ ደብቃችሁ ራቅ በሉ፤ እኔ የምመርጠው ወደ ካሱጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ቶቢሂኖ የሚባል ሰፊ ሣር ነው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሳሉ፣ ያን ጊዜ ወዲያው ስጡ። ለፎቶ ብላችሁ እያሳያችሁ አትንፈጉ! አንዲት ጎብኚ ብስኩቱን ከፍ ዝቅ ስታደርግበት አጋዘኑ ጃኬቷን ነክሶ ሲጎትታት አይቻለሁ፣ ጥፋቱ የአጋዘኑ አልነበረም። ሲያልቅ ሁለቱንም መዳፍ ገልጣችሁ አሳዩ፣ ይገባቸዋል፣ ይሄዳሉ። ካርታም ሆነ ቲኬት በእጅ አትያዙ፣ ይበሉታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወንዶቹ፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የወለዱት እናቶች ቁጡ ስለሚሆኑ ትንንሽ ልጆችን ከጎናችሁ አትለዩ።

እባካችሁ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። በ2019 ሞተው የተገኙ አጋዘኖች ሆድ ውስጥ በኪሎ የሚመዘን ፕላስቲክ ተገኝቷል። የምግብ ሽታ ያለበት ፌስታል ለእነሱ ምግብ ነው።

ቶዳይጂ ስትደርሱ ናንዳይሞን በሚባለው ትልቅ በር ላይ ቁሙና ግራና ቀኝ ተመልከቱ። በ1203 ከእንጨት የተቀረጹ ከስምንት ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት ጠባቂዎች አሉ፣ ብዙ ሰው ስልኩን እያየ ያልፋቸዋል። ውስጥ ያለው የነሐስ ቡድሃ 15 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የተመረቀው በ752 ነው። አዳራሹ ግን ተቃጥሎ ብዙ ቆይቶ በ1709 ያለቀ ሲሆን ከጥንቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ጠቧል። እንዲያም ሆኖ የእንጨት ሥራ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሰው ከዚህ ነው የሚመለሰው። እናንተ ከአዳራሹ ጀርባ ዳገቱን ውጡ። ኒጋትሱዶ የሚባለው አዳራሽ ሰገነት ላይ ቆማችሁ ከተማውን ሁሉ ታያላችሁ፣ በነጻ፣ በፈለጋችሁት ሰዓት። በማርች የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ከመጣችሁ መነኮሳት በዚህ ሰገነት ላይ ግዙፍ ችቦ የሚያበሩበትን ሥርዓት ታገኛላችሁ፣ ከ752 ጀምሮ ተቋርጦ አያውቅም ይባላል። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ቦታ ያዙ።

ከዚያ በተራራው ግርጌ ይዛችሁ ወደ ካሱጋ ታይሻ። በ768 የተመሠረተ የሺንቶ (የጃፓን ጥንታዊ እምነት) መቅደስ ነው፣ የድንጋይና የነሐስ ፋኖሶቹ ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋሉ። ሁሉም የሚበሩት በፌብሩዋሪና በኦገስት ብቻ ነው፣ ግን ውስጥ አንድ ጨለማ ክፍል አለ፣ እዚያ ዓመቱን ሙሉ የበሩ ታያላችሁ። ከጀርባው ያለውን ደን ልብ በሉ። ከ841 ጀምሮ ማደንም ዛፍ መቁረጥም የተከለከለበት ነው፣ በአገራችን ደብሮች ዙሪያ ተከብሮ እንደኖረው ደን ማለት ነው።

ምሳ ናራማቺ በሚባለው አሮጌ የነጋዴዎች ሰፈር ይሁን። የፍስክ ከሆነ ካኪ በሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ቅጠል የተጠቀለለውን የዓሣ ሱሺ ሞክሩ፣ የናራ ነው። ለጾመኛ ቻጋዩ አለ፣ በሻይ የተቀቀለ የሩዝ ገንፎ። ሾርባና ማባያ ላይ ግን ሁሌ ጠይቁ፣ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሁሉ ብዙ ጊዜ በደረቀ ዓሣ ውኃ ነው የሚሠራው። ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት በጊዜ ስለሚዘጋ ለእራት አትመኑበት፣ ወይ ቀደም ብላችሁ ብሉ ወይ ኦሳካ ተመልሳችሁ።