ቤት ልታድሱ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ካዛንቺስም ግቡ፣ አራት ኪሎም፣ ሜክሲኮም። በቅርብ የታደሰ ቤት ውስጡ አንድ ዓይነት ሆኗል። ጅብሰም ኮርኒስ፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት፣ እምነበረድ የሚመስል የቲቪ ግድግዳ፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ከሳሎን ጋር የተቀላቀለ ኪችን (ኦፕን ኪችን የሚሉት)። ያምራል፣ አይካድም። ግን ዓመት ሳይሞላ የቤቱ እመቤት ሽንኩርት ደጅ ወጥታ ታቁላላለች። እንግዳ ሲበዛ ወንበር ከጎረቤት ይለመናል። ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል።

እኔ ውሎዬ የቤት ማጠናቀቂያ (ፊኒሺንግ) ሥራ ላይ ስለሆነ ይሄን በየቤቱ አየዋለሁ። ብዙ ጊዜ ገንዘብ አንሶ፣ ወይ ሠራተኛ ሰንፎ አይደለም። ቤቱ ሲታሰብ እዚያ የሚኖረው ሰው ተረስቶ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ልንገራችሁ።

ከስልክ ፎቶ መጀመር

ባለቤቱ ባለሙያ ሲጠራ መጀመሪያ የሚያወጣው ስልኩን ነው። «ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» ይላል። ፎቶው የዱባይ ወይ የኢስታንቡል ቤት ነው። እዚያ ቤት ቡና አይቆላም። በግ አይታረድም። ከገጠር የመጣ አጎት ለሕክምና ብሎ አንድ ወር አይሰነብትበትም።

ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት ደብተር አውጡ። ለአንድ ሁለት ሳምንት ኑሯችሁን ጻፉ። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ላይ ወረፋ የሚፈጠረው ስንት ሰዓት ነው? ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩት የት ተቀምጠው ነው? ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ የት ይሰጣል? ቡናው በየቀኑ ነው ወይስ እሁድ እሁድ? ከሁሉ በላይ የሚያናድዳችሁን ጻፉ። «በሩ ላይ ሁሌ ጫማ ያደናቅፈኛል» የሚል ሰው ጅብሰም አያስፈልገውም፤ የጫማ መደርደሪያ ነው የጎደለው።

መሀል ከተማ ከሆናችሁ ድምፁንም ጻፉ። በመንገድ በኩል ያለው ክፍል ሰፊ ስለሆነ ብቻ መኝታ ይደረግና ሌሊቱን በመኪና ጥሩምባ ይነጋል። ጠባቧ የጓሮ ክፍል ግን ጸጥ ያለች ናት።

አንድ የበዓል ዋዜማም ጨምሩበት። የአዲስ አበባ ቤት ፈተናውን የሚወስደው ያን ቀን ነው። ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ ጠይቁ፣ በተለይ ወጥ የሚሠራውን ሰው። ስለ ኪችን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ኪችን ገብቶ የማያውቀው ሰው ነው።

ሁሉም ስለሠራው ኦፕን ኪችን መሥራት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ነው።

ፎቶው ላይ ያለው ኪችን ፓስታ የሚቀቀልበት ነው። የኛ ቁሌት ሌላ ነገር ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለሰዓታት እሳት ላይ ይቆያል። በርበሬው ሲጨመር ሳሎን ያለ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ሽታው መጋረጃ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ የተሰቀለ ጃኬት ላይ ይቀመጣል። «ጭስ መሳቢያ እንገጥማለን» ይባላል። ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል። ሌላው በማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ክፍል ውስጥ መልሶ ይለቃል። ሁለተኛው ለእንቁላል ጥብስ ይሆናል፤ ለዶሮ ወጥ አይሞከርም። ቱቦው በየት ይወጣል ብላችሁ ግድግዳው ሳይለሰን ጠይቁ።

አምስት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ትዝ ይለኛል። ከውጭ የመጣ ልጅ ለእናቱ ብሎ የጓሮውን ጭስ ቤት አስፈረሰ። በምትኩ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ ነጭ ኪችን አሠራ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። እናትየው ጓሮ ላይ ሸራ አስወጥረው ከሰል ላይ ያቁላላሉ።

«እማዬ፣ ለምን ውስጥ አትሠሪም?»

«ያ ነጭ ሶፋህ ወጥ ወጥ እንዲሸት ነው ልጄ?»

ልጁ ክፉ አላሰበም። ብቻ አልጠየቀም።

ግቢ ካላችሁ ጭስ ቤቱን አታፍርሱ። አሳምሩት፤ ቧንቧ አስገቡለት፣ መስኮት አውጡለት፣ ግድግዳውን ሴራሚክ አልብሱት። የውስጡ ኪችን ለቁርስና ለሻይ ይበቃል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ኪችኑንና ሳሎኑን በተንሸራታች የመስታወት በር መለየት ይቻላል። ብርሃኑን አይከለክልም፣ ሽታውን ይይዛል።

ተቃራኒውም ስህተት ነው ታዲያ። እንጀራ ከሱቅ የሚገዙ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውሉ ባልና ሚስት አሉ። አክስት «ምጣድ የሌለው ቤት ምኑ ቤት ነው!» ስላሉ ብቻ አንድ ክፍል ለምጣድ ይተዋሉ። ምጣዱ አቧራ ይጠጣል፣ ልጁ አልጋ ላይ ተጋድሞ ያጠናል። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ኦፕን ኪችን ተስማሚ ነው፣ ይሥሩት። የዘመድ አስተያየትም እንደ ቲክቶኩ ፋሽን ነው፤ የእናንተን ኑሮ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም። የድሮ መስኮት ንፋስ ያስገባ ነበር። አዲሱ አልሙኒየም ግጥም ብሎ ይዘጋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። ቡና በከሰል የምታፈሉ ከሆነ የሚከፈት መስኮት ከጎኑ ይኑር፣ ሲፈላም ይከፈት።

ምጣዱንና ሮቶውን ለመጨረሻ መተው

የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 4 ኪሎዋት በ220 ቮልት ሲሰላ 18 አምፔር ገደማ ይመጣል። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ግን ለ16 አምፔር የተሠራ ነው። ሶኬቱ የሚጠቁረውና የሚቀልጠው ለዚህ ነው፤ «ዕቃው ቻይና ስለሆነ» ብቻ አይደለም። ምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ይፈልጋል፤ ወፈር ያለ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር። የሻወር ማሞቂያውም እንደዚሁ። ኤሌክትሪሺያኑን ከቀቢው በኋላ ከጠራችሁ አዲስ ግድግዳ ልትበሱ ነው። ከዚያ ደግሞ ቀቢውን እንደገና ትጠራላችሁ።

ውሃው የባሰ ነው። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ እያወቅን ከኮርኒስ የሚወርድ ትልቅ ሻወር እንገዛለን። ሮቶው ከሻወሩ በላይ 2 ሜትር ላይ ከተቀመጠ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው። በዚህ ግፊት ያ ሁሉ ቀዳዳ ያለው ሻወር ያንጠባጥባል እንጂ አይወርድም። ፓምፕ ግጠሙ ከተባለም መብራት ሲጠፋ ፓምፑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ባልዲና ጀሪካን የሚገባበት ዝቅ ያለ ቧንቧ ይኑር። ፎቶ ላይ አያምርም፤ ውሃ በጠፋ በሦስተኛው ቀን ግን ታመሰግኑታላችሁ።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ትልቅ ሮቶ ለማስቀመጥ ያሰባችሁ ካላችሁ ቆም በሉ። 1000 ሊትር ውሃ 1000 ኪሎ ነው። ከሕንፃው ወጣ ብሎ በተንጠለጠለ በረንዳ ላይ አንድ ቶን ያለ መሐንዲስ ቃል አይጫንም።

ሳሎኑን ለዕቃ ማስረከብ

መጅሊስ፣ ዝቅ ያለው የዓረብ ዓይነት መቀመጫ፣ ፋሽን ሆኗል። ዝቅ ብሎ መቀመጥ የለመደ ቤተሰብ ይመቸዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ያሉበት ቤት ግን እሳቸውን ከመቀመጫው ለማስነሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ለሽማግሌ ቁመቱ 45 ሴንቲ ገደማ የሆነ፣ መደገፊያ ያለው፣ ጠንከር ያለ ወንበር ነው የሚሻለው። አንድ ሁለት እንኳ ይኑሩ።

ሌላው የቲቪው ግድግዳ ነው። ሳሎኑ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ረከቦቱ የት ይቀመጥ? ማንም አላሰበበትም። ቡና አፊዋ ከቲቪው ሥር ትቀመጥና «ትንሽ ዞር በይልን» ትባላለች። ቡና በቤታችሁ ቁም ነገር ከሆነ ቦታውን በፕላኑ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ መስኮት አጠገብ፣ ከሰል ቢወድቅ በማይቃጠል ወለል ላይ። ላሚኔት (እንጨት የሚመስለው ንጣፍ) ከሆነ አንድ ፍም ጠባሳ ትታ ትሄዳለች።

ለቅሶም አለ። ማንም አይመኘውም፣ ግን ይመጣል። ከግድግዳ ጋር የተገነባ መቀመጫና ሊነሳ የማይችል ትልቅ የእምነበረድ ጠረጴዛ ያለበት ሳሎን ፍራሽ ማንጠፊያ የለውም። ግቢውን በሰርቪስ ቤት ከሞላችሁት ደግሞ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው መንገድ ላይ ነው። ዕቃ ስትመርጡ የሚነሳ፣ የሚገፋ፣ የሚደራረብ ይሁን።

ጓዳ መርሳት

ይቺ ነጥብ አጭር ናት፣ ግን ትጎዳለች። አሁን የሚሠሩት የኪችን ካቢኔቶች ለሲኒና ለሳህን ልክ ናቸው። የኛ ቤት ግን አንድ ኩንታል ጤፍ ይገባበታል፤ መቶ ኪሎ ማለት ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ትልቁ ብረት ድስት፣ መሶቡ፣ ጀሪካኖቹ አሉ። ይሄ ሁሉ በረንዳ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የሚያድርበት ያማረ ቤት ሞልቷል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነች፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ መደርደሪያ ያላት ጓዳ ከቲቪው ግድግዳ ትቀድማለች። ካቢኔቱ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ከሆነ ከሲንኩ ሥር ያለውን ክፍል በሌላ ነገር አሠሩት። ኤምዲኤፍ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም።

ግድግዳ ዝም ብሎ ማፍረስ

«ይቺን ግድግዳ ብናነሳት ሳሎኑ ይሰፋል።» ምናልባት። ኮንዶሚኒየም ላይ ሕንፃውን የተሸከሙት ኮለንና ቢም፣ ማለትም የቆሙት ምሰሶዎችና አግዳሚዎቹ ናቸው፤ በመሀል ያለው ብሎኬት አብዛኛው ክፍል መለያ ነው። አብዛኛው ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም። ብሎኬቱ ውስጥም የጎረቤት ቧንቧ ሊኖር ይችላል። ኮለን፣ ጣሪያና ደረጃ ደግሞ የናንተ ብቻ አይደሉም፤ የጋራ ናቸው። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት መሐንዲስ ይይ፣ ወረዳም ፈቃድ ይጠየቅ። ሽንት ቤት ማዛወር ከሁሉ ይከብዳል። የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ያ ቁልቁለት ካልተገኘ ችግሩ ከታች ካለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ይወጣል።

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የቀሩት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ሌላ ጠባይ አላቸው። ጭቃው ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ ይለሰናል፣ ለጊዜው ያምራል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር በደንብ አይያያዝም፤ እርጥበቱንም አፍኖ ይይዛል። ከሁለት ክረምት በኋላ ልስኑ እየተቀረፈ ይወድቃል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። እዚያ ቤት የምትኖሩ ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያውን አጥብቁ፣ ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዲርቅ ቦይ አውጡ። ጭቃውን በጭቃ ጠግኑት።

የሚያብረቀርቅ ወለል

አንድ ቀን ቄጠማ ጎዝጉዙበትና እዩት። እርጥብ ሣር፣ የፈሰሰ ውሃ፣ የሚሯሯጥ ልጅ። ሸካራነት ያለው ወይም ደብዘዝ ያለ ሴራሚክ ውሰዱ፤ በተለይ ለመታጠቢያ ቤት፣ ለኪችንና ለበረንዳ።

ለማይታወቅ ገዢ ማደስ

«ሲሸጥ ያዋጣል» የሚባል ነገር አለ። ሃያ ዓመት ልትኖሩበት ያሰባችሁትን ቤት ለማታውቁት ሰው ምርጫ ታድሳላችሁ። ያ ሰው ሲመጣም አፍርሶ እንደገና ይሠራዋል፤ እስካሁን ያየሁት ገዢ ሁሉ እንደዚያ ነው። የምታከራዩ ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል። ሰርቪሱን ልታከራዩ ካሰባችሁ የራሱ መግቢያ፣ የራሱ ሽንት ቤትና መብራቱን የሚለካ የራሱ ቆጣሪ አሁኑኑ ይሠራለት። አለዚያ በየወሩ ክርክር ነው።

ሳያጣሩ፣ ክረምት ላይ መጀመር

ከሁሉ በፊት ቦታው ይጣራ። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማው ምን ያህል እንደተቀየረ ያየ ሰው ይሄ አይነገረውም። የእናንተ ግቢ በፕላኑ ላይ ምን እንደሆነ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ነው ሲሚንቶ የሚገዛው።

ሐምሌና ነሐሴ ጣሪያ አይነሳም፣ ቀለምም በቶሎ አይደርቅም። ክረምቱን ለማሰብና ለመለካት ተጠቀሙበት፣ ሥራውን ከጥቅምት ጀምሩ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ሁሉንም ክፍል አፍርሶ መሀል ላይ ብር ማለቅ በጣም የተለመደ ነው። አንድ ክፍል ጨርሱ፣ ኑሩበት፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ሴራሚኩን ግን ከፋፍላችሁ አትግዙ። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ከተለያየ ቀለሙም ይለያያል። ለአንድ ክፍል የሚሆነውን በአንድ ጊዜ ግዙ፣ ለስብራትና ለቆረጣ አሥር በመቶ ያህል ጨምሩ። ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ሠራተኛው «ልውሰደው?» ይላችኋል። አትስጡ፣ አልጋ ሥር ክተቱት። ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ፈንድቶ ወለል ሲቆፈር ያው ዓይነት መርካቶም ሰባራ ባቡርም አይገኝም።