ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም ከተርሚናል መጫን፦ መብራት ቢጠፋም፣ ኢንተርኔት ባይኖርም

ደሴ ላይ ኡቡንቱ የተባለው ስርዓተ ክወና (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም) የተጫነበት ኮምፒውተር ያለው ሰው አዲስ ፕሮግራም ሲፈልግ ፋይል ፍለጋ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ መዞር አይኖርበትም፤ አፕት የተባለው መሣሪያ የተፈለገውን ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ፋይል) እና አብረውት የሚያሠሩትን ሌሎች ፓኬጆች ኢንተርኔት ላይ ካለው የኡቡንቱ ማከማቻ ራሱ አውርዶ ይጭናል። ትዕዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደ አነጋገራቸው ስለሆነ ተርሚናሉ (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ጻፏቸው።

ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አንድ ላይ ተጭናችሁ ተርሚናል ከከፈታችሁ በኋላ በመጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ብላችሁ ኢንተርን ተጫኑ፤ ሱዶ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ስለሆነ የይለፍ ቃላችሁን ይጠይቃል። የይለፍ ቃል ስትጽፉ በአብዛኞቹ ስሪቶች ላይ ኮከብ ምልክት እንኳ አይታይም፤ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሏቸው ተርሚናሉን የዘጉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እናንተ ግን ጽፋችሁ ጨርሱና ኢንተርን ተጫኑ። ይህ ትዕዛዝ የሚያድሰው የፓኬጆቹን ዝርዝር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ካረጀ አፕት ከማከማቻው ውስጥ የተወገደ ፋይል ሲፈልግ ቆይቶ «404» የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል።

የግዕዝ ፊደል የያዘውን አቢሲኒካ ፎንት ለመጫን «አፕት ሰርች አቢሲኒካ» ብላችሁ ትክክለኛ ስሙን ፈልጉ፤ ለፍለጋ ሱዶ አያስፈልግም። ስሙ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» ነውና «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ካላችሁ በኋላ ዳሾቹን ሳትዘሉ ጻፉት። ተጨማሪ ፓኬጆች የሚያስፈልጉት ትልቅ ፕሮግራም ሲሆን አፕት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ተናግሮ ዋይ ወይም ኤን እስክትጽፉ ይጠብቃል። በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ቁጥሩን ሳያነብ ዋይ ባይል ይሻለዋል፤ የፕሮግራሙ ፓኬጅ የገዛውን የዳታ ፓኬጅ ጠራርጎ ሊበላው ይችላልና።

አንድ ጊዜ ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ በሚባለው አካባቢ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ሊብሬኦፊስ የተባለውን የቢሮ ሥራ ፕሮግራም እየጫንኩ ሳለሁ መብራት ጠፋ። መብራቱ ተመልሶ ትዕዛዙን ስደግመው አፕት የቀድሞው ሥራ እንደተቋረጠ ነግሮኝ አልጭንም አለ። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ አብሽሩ፤ «ሱዶ ዲፒኬጂ» ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ ሁለት ዳሽና ኮንፊገር፣ እንደገና ክፍተት ትታችሁ አንድ ዳሽና ኤ ስትጽፉ የተጀመረው ይጠናቀቃል። መብራቱ የጠፋው ገና በማውረድ ላይ እያለ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ትዕዛዝ መድገም ብቻ ይበቃል፤ የወረዱት ፋይሎች ስለሚቀመጡ ዳታው በከንቱ አይቀርም። ሌላ ፕሮግራም አፕትን ይዞታል የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ ራሱን እያሻሻለ ነውና የቁልፍ ፋይሉን ከማጥፋት ይልቅ መጠበቅ ይመረጣል።

ኢንተርኔት ለሌለው፣ ለምሳሌ ኮምቦልቻ ላለ ኮምፒውተር፣ ፓኬጁን ደሴ ላይ አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። ከኢንስቶል ቀጥሎ ክፍተት ትታችሁ ሁለት ዳሽ፣ ዳውንሎድ፣ ዳሽ፣ ኦንሊ አያይዛችሁ፣ እንደገና ክፍተት ትታችሁ የፓኬጁን ስም ስትጽፉ ፋይሎቹ ሳይጫኑ በ/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አፕት ከጫነ በኋላ ስለሚሰርዛቸው አስቀድማችሁ ወደ ፍላሹ ገልብጧቸው። የሁለቱ ኮምፒውተሮች የኡቡንቱ ስሪት አንድ መሆን አለበት። አፕት የሚያወርደው ደሴው ኮምፒውተር ላይ የሌለውን ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ ቀድሞ ያለ እዚያ ግን የሌለ ፓኬጅ ካለ ጭነቱ መሃል ላይ ይቆማል፤ የጎደለውን ስም ጽፋችሁ ያዙ፣ አለዚያ ሚኒባሱን ሦስተኛ ጊዜ መሳፈር ይመጣል።