ፍሌሮቪየምን በዱብና መንገድ መሥራት

በሩሲያዋ ዱብና ከተማ ባለው የኒውክሌር ምርምር ተቋም መንገድ፣ 114ኛው ንጥረ ነገር ፍሌሮቪየም የሚገኘው ፕሉቶኒየም-244ን በካልሲየም-48 አዮኖች (ኤሌክትሮን ባጡ አቶሞች) በመደብደብ ነው። ካልሲየም-48 የሚመረጠው በኒውትሮን ስለሚበዛ ነው። ከተፈጥሮ ካልሲየም ውስጥ ግን ድርሻው 0.19 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ዋጋው አይቀመስም።

ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት አስሉ። በሰከንድ 6.2 ትሪሊዮን አዮን፣ በካሬ ሴንቲሜትር 0.4 ሚሊግራም ፕሉቶኒየም፣ የመዋሃድ ዕድሉም 10 ፒኮባርን (የኒውክሌር ግጭት ዕድል የሚለካበት እጅግ ትንሽ አሃድ) ቢሆን በቀን አምስት ያህል አቶም ይፈጠራል። ከዚህም አዲሶቹን አቶሞች ከጨረሩ የሚለየው መሣሪያ (መለያው) 40 በመቶውን ቢያሳልፍ፣ ዲቴክተሩ (መዝጋቢው መሣሪያ) የሚደርሱት ሁለት ናቸው። ውጤቱ በወር አንድ ከሆነ፣ በትዕግሥት ሳይሆን በጨረሩ ጥንካሬ ላይ ሥሩ።

ፕሉቶኒየሙ በኦክሳይድ መልክ 1.5 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው የቲታኒየም ፎይል ላይ ይለበጣል፤ ፎይሉም በሚሽከረከር ጎማ ላይ ይታሰራል። ጎማው ከቆመ ጨረሩ አንዱን ቦታ ያቃጥለዋል። ኢላማውን ማወፈር አያዋጣም፤ አዲሱ ኒውክሊየስ (የአቶም እምብርት) ያለው ጉልበት 40 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ) ገደማ ስለሆነ እዚያው ውስጥ ይቀራል።

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው በጉልበቱ ምርጫ ነው። ኢላማው መሃል ላይ 243 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል እንዲኖር አድርጉ፤ ፎይሉ የሚወስደውን ደምሩበት። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ኒውክሊየሶቹ የኤሌክትሪክ መገፋፋታቸውን አያልፉም፤ ከፍ ካለ ደግሞ የተዋሃደው ሦስት ወይም አራት ኒውትሮን ጥሎ ከመረጋጋቱ በፊት ይሰነጠቃል። በትክክለኛው ጉልበትም ቢሆን አብዛኞቹ ግጭቶች ሳይዋሃዱ ይለያያሉ።

ከኢላማው ቀጥሎ 1 ቶር ገደማ በሆነ እጅግ ዝቅተኛ ግፊት ሃይድሮጅን የተሞላ የማግኔት መለያ አለ። ዋናውን ጨረር ያስወግዳል፤ ከባዱን ኒውክሊየስ ደግሞ በማይክሮሰከንድ ውስጥ ሲሊኮን ዲቴክተሩ ላይ ያሳርፋል። ዲቴክተሩን አስቀድማችሁ በኢተርቢየም ኢላማ ከሚገኙ፣ የአልፋ (ከኒውክሊየስ የሚወረወር የሂሊየም እምብርት) ጉልበታቸው ከሚታወቅ አይሶቶፖች (በኒውትሮን ብዛት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች) ጋር አመሳክሩ።

የፍሌሮቪየምን ምልክት፣ ማለትም የመበስበሶቹን ሰንሰለት፣ በዲቴክተሩ አንድ ቦታ ላይ ፈልጉ። ፍሌሮቪየም-289 ከሆነ፣ በሁለት ሰከንድ ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ በሚበሰብስበት ጊዜ) 9.8 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አልፋ ይረጫል፤ ኮፐርኒሲየም-285 በ30 ሰከንድ ገደማ 9.2 ይከተላል፤ በመጨረሻ ዳርምስታድቲየም-281 ብዙውን ጊዜ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው አልፋ እንደታየ ጨረሩ በራሱ እንዲጠፋ አድርጉ፤ አለዚያ በ30 ሰከንዱ ውስጥ የባዕድ ምት ልጁን (ኮፐርኒሲየም-285ን) መስሎ ይገባል። ግማሽ ያህሉ አልፋ በፊት ለፊት ያመልጣል፤ ዙሪያውን የጎን ዲቴክተር ካላቆማችሁ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ቀዳሚ አልፋ የሌለው ብቸኛ ስንጥቀት አይቆጠርም፤ ከኢላማው ጋር ኒውክሊዮን (ፕሮቶንና ኒውትሮን) በመለዋወጥ የሚፈጠሩ አክቲኒዶችም (እንደ ፕሉቶኒየም ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች) ይሰነጠቃሉ።